ሁለቱ መነኮሳት የተያዙት ኬረላ ውስጥ ቢሆን ኖሮስ?

ሐምሌ 18/2017 ዓ.ም.፣ ሕንድ፣ ቻቲስጋር ግዛት፣ ዱርግ ባቡር ጣቢያ። ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት ሦስት ወጣት ሴቶችን ይዘው ለሥራ ወደ አግራ ከተማ ሊሄዱ ነው። ባጅራንግ ዳል የተባለው የሂንዱ ብሔርተኛ ቡድን አባላት መጥተው ከበቧቸው። ክሱ ምን ነበር? ሴቶቹን ሃይማኖት ለማስቀየርና በሕገወጥ መንገድ ለማዘዋወር ሞክራችኋል የሚል። ፖሊስም መነኮሳቱንና አብሯቸው የነበረ አንድ ወጣት አሰረ። የሴቶቹ ቤተሰቦች ግን ልጆቹ የሄዱት በፈቃድ እንደሆነና ቤተሰቡ ከድሮም ክርስቲያን እንደሆነ ተናገሩ። መነኮሳቱ በዋስ የወጡት ከ8 ቀን በኋላ ነው።

ሁለቱም መነኮሳት የኬረላ ተወላጆች ናቸው። ነገሩን ለማወቅ ከዚያው ከኬረላ እንጀምር።

ኬረላ በደቡብ ሕንድ ያለች ግዛት ናት። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ መሠረት ከሕዝቧ 55 በመቶ ገደማ ሂንዱ፣ 27 በመቶ ገደማ ሙስሊም፣ 18 በመቶ ገደማ ክርስቲያን ነው። ክርስቲያኖቹ እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ተቀበልን ይላሉ። ከእነሱ መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ከእኛዋ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር እህትማማች ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤም ተገኝታለች።

እዚያ የሂንዱና የክርስቲያን ጉርብትና የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ኦናም የሚባለውን የመኸር በዓል ክርስቲያኑም ያከብራል። ገና ሲደርስ የኮከብ መብራት የሚሰቅል የሂንዱ ቤት ብዙ ነው። ክርስቲያን ሙሽራ እንደ ሂንዱው በሙሽሪት አንገት ላይ ትንሽ የወርቅ ጌጥ ያስራል፤ የእሱ መስቀል አለበት፣ በቃ ልዩነቱ ይኸው ነው። ወደ ሳባሪማላ ቤተ መቅደስ ተጉዘው የሚመለሱ ብዙ የሂንዱ ምዕመናን ደግሞ አርቱንካል በሚገኘው፣ በቅዱስ ሰባስትያን በሚታወቀው ቤተክርስቲያን ቆመው የጉዞውን መቁጠሪያ ከአንገታቸው ያወልቃሉ። በሕዝቡ አፈ ታሪክ ቅዱሱና የሳባሪማላው አያፓ ወንድማማቾች ናቸው።

ታዲያ ሁለቱ ሃይማኖቶች ያው ሆነው ሳለ፣ ዱርግ ላይ ምን ተፈጠረ?

አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። ቻቲስጋር በወቅቱ በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሃይማኖት ማስቀየርን የሚገድብ ሕግ ነበራት። ዛሬ ከ10 በላይ የሕንድ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ ኬረላ የላትም። ሕጉ የሚከለክለው በኃይል፣ በማታለል ወይም «በማማለል» ማስቀየርን ነው። ደጋፊዎቹ ድሃው በችግሩ እንዳይታለል ለመጠበቅ ነው ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ ነው አንልም። ግን ማማለል የሚለው ቃል ስጦታንም ሌላ ጥቅምንም ስለሚይዝ፣ ሥራ ማስገባት ወይም ትምህርት ቤት መክፈት ራሱ ሊያስጠረጥር ይችላል። ለጎረቤት የተደረገ ደግነት የክስ ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። በቻቲስጋር ክርስቲያኖች 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ግዛቶች ውስጥ ያለው ቢጄፒ፣ ማለትም የጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፓርቲ፣ ምን እንዳደረገ እንይ። የቻቲስጋሩ ዋና ሚኒስትር የፓርቲው ሰው ናቸው፤ እስሩን ደግፈው ተናገሩ። የኬረላው ቅርንጫፍ መሪ ደግሞ ለመነኮሳቱ ተሟገቱ። ፓርቲው አንድ፣ አቋሙ ሁለት! ለምን? ኬረላ ላይ የክርስቲያን ድምፅ ያስፈልገዋላ። እጩው ተዋናይ ሱሬሽ ጎፒ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ዋዜማ ትሪሱር ከተማ ላለ ቤተክርስቲያን የእመቤታችንን ሐውልት ዘውድ አበረከተ። ከዚያም አሸንፎ ፓርቲው ከኬረላ የመጀመሪያውን የታችኛው ምክር ቤት ወንበር አገኘ።

እኛ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በዓል አብሮ ማክበርና ቡና አብሮ መጠጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ኬረላ ያለ እሱ ኬረላ አትሆንም ነበር። ነገር ግን ጉርብትና ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። ቁጥር ያለው ይፈራል፣ ይለመናል፤ ቁጥር የሌለው ባቡር ጣቢያ ላይ ይከበባል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ወዳጆች፣ «እዚህ ሃይማኖቶች ተዋደው ይኖራሉ» የሚል ቆንጆ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ውደዱት፣ አጋሩትም። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ እዚያ ቦታ በቁጥር ትንሹ ማነው? እሱስ ችግር ሲገጥመው የሚያስጥለው ሕግ አለ?

ጥያቄው ለሕንድ ብቻ አይደለም።