መልክ እንጂ ብር የሌለው ገንዘብ

አያቶቻችን ማርትሬዛ የተባለውን የብር ገንዘብ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ የተቀረጸውን የጌጧን ዕንቁ በጣታቸው እየዳሰሱ፥ ብሩንም ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን እያዳመጡ፥ ክብደቱን በመዳፋቸው ይመዝኑት ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ካረፈች ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ እየተቀረጸ ወደ አገራችን ይገባ የነበረው ይህ ገንዘብ የታመነው፥ ባላገሩ ስለ ቪየና ቤተ መንግሥት ደግነት ሰምቶ ሳይሆን፥ በውስጡ ያለው ብር እውነተኛ መሆኑን በገዛ እጁ ለማረጋገጥ ስለ ቻለ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመልካቸው ያስቀረጹት ብር እንኳ ማርትሬዛን ከገበያ ለማስወጣት እጅግ ቸግሮት ነበር። ይህን ማንሣቴ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ሚም ኮይን የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መልኩ ብቻ ቀርቶ ብሩ የጠፋበት ስለ ሆነ፥ ሰውም ይህን እያወቀ የሚገዛበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ስለ መሰለኝ ነው። (ዓመታቱን፥ ወራቱንና ቀናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ብዙዎች ነገሩን ፍቅረ ንዋይ ነው ብለው ያልፉታል። ፍቅረ ንዋይ አለበት፤ ነገር ግን ከሥሩ የቈሰለ እምነት እንዳለ የአርጀንቲናን ሕዝብ ታሪክ ያየ ሰው አይክድም። በ1991 የአገሪቱ መንግሥት አንድ ፔሶ በአንድ ዶላር ይመነዘራል ብሎ በሕግ ቃል ገባ፤ ሕዝቡም ቃሉን አምኖ ገንዘቡን በባንክ አኖረ። በታኅሣሥ ወር 2001 ግን ያው መንግሥት አንድ ሰው በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ እንዳያወጣ ከለከለ፤ በቦነስ አይረስ ጎዳናዎች እናቶችና ጡረተኞች ድስትና መጥበሻ ይዘው ወጥተው በማንኪያ እየደበደቡ ጮኹ፤ በሁከቱ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ዴ ላ ሩዋም ሥልጣናቸውን ለቀው ከቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ በሄሊኮፕተር ሄዱ። በዶላር የተቀመጠውም ተቀማጭ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በግድ ወደ ፔሶ ተለወጠና፥ ፔሶው በገበያ ሲወድቅ የባለቤቱ ጥሪት አብሮ ወደቀ። በዚያ ዘመን ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ፥ የወላጆቹን ፊት በባንክ በር ላይ ያየ ልጅ፥ በ2023 የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሲሆን የአገሩ የዋጋ ንረት በዓመት 211 ከመቶ ደርሶ ነበር። ይህ ሰው ከእንግዲህ ማዕከላዊ ባንክ የሚባል ነገር አልሰማም ቢል የሚፈርድበት ማን ነው?

ይህን ምሬት ሰምቶ ቋንቋ የሰጠው ሰው ኀቪየር ሚሌ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህር የነበረው ይህ ሰው በምርጫ ዘመቻው የሞተር መጋዝ ተሸክሞ በአደባባይ እየዞረ፥ ማዕከላዊውን ባንክ እዘጋለሁ፥ ግብር ስርቆት ነው እያለ ሰብኮ በ2023 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ውሾቹን እንኳ በሚያከብራቸው ሊቃውንት፥ በመሬይ ሮትባርድና በሚልተን ፍሪድማን ስም ሰይሟቸዋል። ትምህርቱ የቈየ መሠረት አለው። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ሃየክ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ገንዘብ ማውጣት ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለግል ባንኮች ውድድር ይተው ብሎ ነበር፤ በ2009 የተጀመረውም ቢትኮይን የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ በመጀመሪያው የመዝገቡ ገጽ ላይ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ባንኮችን ለሁለተኛ ጊዜ ሊደጉም እንደ ተቃረበ የሚናገር የጋዜጣ ርእስ ቀርጾ፥ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ወሰን ተበጅቶለት ወጣ። በዚህ ሐሳብ ባልስማማም አክብሮት አለኝ፤ ሰውን ከማመን ይልቅ ሁሉ ሊያየው የሚችለውን ቀመር እመኑ ማለቱ፥ አያቶቻችን ማርትሬዛውን በድንጋይ ላይ ጥለው ከሚያዳምጡበት ጥበብ ብዙ አይርቅም።

ሚም ኮይን ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዶጅኮይን በ2013 በሁለት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች፥ በቢሊ ማርከስና በጃክሰን ፓልመር፥ የአንዲት ጃፓናዊት ውሻ ምስል ተለጥፎበት በየዕለቱ በሚፈላው አዳዲስ ገንዘብ ላይ ለመሣቅ ብቻ ተሠራ፤ ሣቁ ግን ገበያ ሆነና በ2021 ዋጋው ሰማይ ነካ። ፓልመር ራሱ በዚያው ዓመት ይህ ሁሉ ጥበብ የደጋፊዎቹን ሀብት ለማብዛት የተሠራ ነው ብሎ በአደባባይ ጻፈ። የሠሪው ምስክርነት ነውና ከማንም ትችት ይልቅ እኔን ያሳስበኛል።

በየካቲት 14 ቀን 2025 ምሽት ፕሬዚዳንት ሚሌ ሊብራ የተባለ አዲስ ሳንቲም የአርጀንቲናን ትንንሽ ድርጅቶች ይደግፋል ብሎ በኤክስ ገጹ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ሳንቲም የሚሸጠው በአንድ የጋራ ገንዳ ነው፤ ባለቤቶቹ ሳንቲማቸውን ያስገባሉ፥ ገዢው ዶላሩን አስገብቶ ሳንቲም ይወስዳል፥ ብዙ ሰው ሲገዛ ዋጋው ይወጣል፤ የገንዳው ቍልፍ ግን በባለቤቶቹ እጅ ነው። የአገር መሪ ቃል ስለ ሰጠበት የአንዱ ሳንቲም ዋጋ ወደ 5 ዶላር ተጠጋ፥ ጠቅላላ ግምቱም ከ4 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ከዚያ አብዛኛውን ሳንቲም የያዙት ጥቂቶች ዶላሩን ከገንዳው ሲቀዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዋጋው ከዐሥር ዘጠኙ እጅ ጠፋ። ሚሌ ዝርዝሩን አላውቅም ነበር ብሎ ጽሑፉን አነሣ።

ከአንድ ወር በፊትም ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ሦስት ቀን ሲቀረው በስሙ ሳንቲም አውጥቶ ነበር። ከአንዱ ቢሊዮን ሳንቲም ለሕዝብ የቀረበው 200 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ የቀረውን 800 ሚሊዮን ከእርሱ ጋር የተያያዙ ድርጅቶች ያዙት፤ በግንቦት ወርም ብዙ ሳንቲም የያዙ 220 ሰዎች ከፕሬዚዳንቱ ጋር እራት በሉ። ያ እራት ከባንኮች ጭቆና አርነት ወጣ የተባለው ገንዘብ ባለሥልጣን ዘንድ መግቢያ ሆኖ ሲያገለግል የታየበት ማዕድ ነው።

እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ማንንም ሰው አትመኑ ተብሎ የተጀመረው ስብከት አንድን ሰው ብቻ በማመን ተፈጸመ፥ ያውም ሥልጣን የያዘውን። ፔሶ ቢያንስ ሕግና ምክር ቤት፥ የሚጠየቅም ሚኒስትር ነበረው፤ በሊብራ ዘንድ ግን የነበረው የአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ ነው፥ እርሱም በሌሊት ተነሣ። ሚሌ በኋላ በቴሌቪዥን ሲጠየቅ ቁማር ቤት ገብቶ የከሰረ ሰው ምን ይጠይቃል ብሎ መለሰ። ሰዎቹ ግን የተጠሩት ወደ ቁማር ቤት ሳይሆን የአገርን ድኻ ነጋዴ ወደ መርዳት ነበር።

ሊብራ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ቀናት ጠበቆች አቤቱታቸውን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። በ2001 የከሰሩት ድስታቸውን ይዘው ባንኩ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በዚያች ሌሊት በየአገሩ በስልካቸው ፊት ተቀምጠው ቁጥሩ ሲወርድ ያዩት ግን ድስቱን ቢይዙ የሚደበድቡበት በር አልነበራቸውም።