ለሣሩም በጀት ይመደብ

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም መሥራት የሚችሉ ችግረኛ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርተው እህል ወይም ጥሬ ገንዘብ የሚያገኙበት ድጋፍ፣ መጀመሪያ የተቀረጸው በዋናነት ደጋማውን አራሽ ታሳቢ አድርጎ በመሆኑ፣ እንደ ቦረና ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ለአርብቶ አደሩ ዋነኛ ሀብት ለግጦሹ በሚገባ አልደረሰለትም። በቦረና፣ በደርግ ዘመን ግጦሽን በእሳት የማደስ ልማድ ከተከለከለ ወዲህ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሜዳውን እየወረረ ሣሩን ሲያጠፋ ኖሯል።

ሕዝቡ ግን የራሱ የጥበቃ ሥርዓት አለው። «ካሎ» የሚባለው የግጦሽ ክልል በእሾህ አጥር ተከልሎ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች የሚቆይ፣ በሽማግሌዎች ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። የሴፍቲኔቱ የሥራ ቀናት ቁጥቋጦ ለመመንጠርና የካሎ አጥር ለመጠገን በስፋት ቢውሉ፣ ያውም ቦታውን የሚመርጡት ሣሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቢሆኑ፣ የበጀቱ ፍሬ በደረቁ ወራት ከጥጃዋ አፍ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን፣ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ካሳ የሚከፍል በመሆኑ ሊስፋፋ የሚገባው ነው፤ ሆኖም ካሳ የጠፋን ሣር አይመልስም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ በገፍ ያለቀበት ሐዘን ገና ትኩስ ነውና፣ የግጦሽ እንክብካቤ ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ሊኖረው፣ ገንዘቡም «ገና» የተባለው ዋናው የዝናብ ወቅት ከመግባቱ በፊት ወረዳ ሊደርስ ይገባል።