ከብር ሸሽቶ ወደ ብር

በአማርኛ ገንዘቡም ብር፣ ማዕድኑም ብር ይባላል። ስሙ ሰው በጠገራ ብር፣ ማለትም በማርትሬዛ፣ ይገበያይ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። ዛሬ ወረቀቱ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህም «ጥሪታችሁን ከወረቀት አውጥታችሁ በጠገራና በጥፍጥፍ ብር አስቀምጡ፤ ብር አይከዳም» የሚል ምክር በድንበር ከተማ ሰሚ ጆሮ ቢያገኝ አያስደንቅም።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። የሞያሌ ነዋሪ በሁለት ገንዘብ ይኖራል፤ በሁለቱም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬንያ አሮጌውን የ1,000 ሺልንግ ኖት ከሥራ ውጭ አደረገች። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2020፣ ኢትዮጵያ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶቿን ቀየረች። በ2024 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን ያየ ሰው ወረቀትን ባያምን ማን ይፈርድበታል? ይሁን እንጂ የበሽታው እውነተኛነት ለመድኃኒቱ ምስክር አይሆንም።

ለመሆኑ ጠገራን ገንዘብ ያደረገው ምን ነበር? ማዕድኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስቀረጹት፣ በክብደትም በጥራትም የሚተካከለው ብር ማርትሬዛን ከገበያ ባስወጣ ነበር። አላስወጣም። የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥቦች እየቆጠረ የሚቀበል ሻጭ በየገበያው ነበርና፣ ጠገራ የያዘ ሰው የፈለገውን ባሻው ሰዓት ይገዛ ነበር። ዛሬ ጤፍ በጠገራ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ባለ ጠገራው ወደ አንጥረኛ ወይም ወደ ወርቅና ብር ነጋዴ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ እርሱም ሲሸጥ አስወድዶ፣ ሲገዛ አርክሶ ይኖራል። በዚህ ልዩነት ገዢው ገና ከመነሻው ይከስራል።

በጠገራው ላይ የተቀረጸውን 1780 እያሳዩ «ጥንታዊ ነው» የሚሉም አሉ። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል። በ1930ዎቹ ሮምና ለንደን ሳይቀሩ ቀርጸውታል፤ ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች። ስለዚህ ለዓመተ ምሕረቱ ተብሎ የሚጨመር ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለአፈ ታሪክ የሚከፈል ግብር ነው። እውነተኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። ይህም 23.4 ግራም ገደማ፣ ማለትም በዓለም ገበያ ብር የሚተመንበት ወቄት ሦስት አራተኛ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሻጭ ስለምን እንደሚጠይቅ ያስረዳ።

«ብር አይከዳም» የሚለውንም ታሪክ አይደግፈውም። በጥር 1980 የአንድ ወቄት ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በመጋቢት መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ወረደ። በ2011 እንደገና ወደ 50 ተጠጋ፤ በ2015 ከ15 በታች ሆነ። የ50 ዶላሩን ወሰን አልፎ የሄደው በ2025 ነው። በ1980 በከፍታው የገዛ ሰው የከፈለውን ቁጥር መልሶ ለማየት 45 ዓመት ጠበቀ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ዶላሩ ራሱ ምን ያህል እንደረከሰ ሳይቆጠር። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ 45 ዓመት ይጠብቃልን?

በተጨማሪም ብር በሣጥን ውስጥ አይራባም። ፍየል ትወልዳለች፤ ሱቅ ያተርፋል። ድርቅ መንጋን፣ ኪሳራም ሱቅን ሊያጠፋ እንደሚችል የሞያሌ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሆኖም ፍየሏ ወተት፣ ሱቁም የዕለት ገቢ ይሰጣሉ። ብር ግን ሌላ ሰው አስወድዶ እስኪገዛው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እስከዚያም ሌባን ያስጠብቃል።

እናት ለልጇ ያወረሰችው ጌጥ ይቀመጥ፤ ክብሩ ከሚዛን በላይ ነው። የተረፈው ሰውም ከሀብቱ ጥቂቱን በብር ቢይዝ፣ በሚዛን ገዝቶ፣ መልሶ የሚገዛውን ሰው አስቀድሞ አውቆ ይሁን። የነገን እህልና የከርሞን የንግድ መነሻ አውጥቶ በጠገራ መለወጥ ግን ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው።