ሣሩን አይተን ገደሉን ያላየን

ጎበዝ! እኔ የዘመቻ ልጅ ነኝ። በ1967 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ለእድገት በኅብረት ሲዘምት እናታችን እያለቀሰች ስትሸኘው አይቻለሁ። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ደግሞ እኔው ራሴ ጠመኔ ጨብጬ አሮጊቶችን ፊደል ያስቆጠርኩ ነኝ። ስለዚህ «ዘመቻ» የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። መንግሥት ሕዝቡን «ተነስ፣ ዝመት!» ሲለው፣ «ለመሆኑ አንተስ የራስህን ሥራ የት አደረስከው?» ብሎ መጠየቅ የለመድኩት ያኔ ነው። ሜሪላንድ ገብቼ ኑሮ ስጀምር ከዘመቻ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እዚህም ተከትሎኝ መጣ። የአሁኑ ዘመቻ ስለ ሣር ነው። አዎ፣ ስለ ደጃፍ ሣር!

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እዚህ አገር የሰው ክብር የሚለካው በደጃፉ ሣር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጎረቤቴ ቅዳሜ ማለዳ ማጨጃውን ሲያስነሳ እኔም አስነሳለሁ፤ እሱ ማዳበሪያ ሲገዛ እኔም እገዛለሁ። አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ «ማን ከማን ያንሳል» ብዬ፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን መጠን እጥፍ አድርጌ በተንኩት። ማታውን ዶፍ ወረደ። ጠዋት ብወጣ፣ ሳይሟሟ የተረፈው ገንዘቤ እንደ ሩዝ ፍሬ እየተንከባለለ በመንገዱ ጠርዝ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይገባል። መውረጃው ወደ ስላይጎ ክሪክ ይወስደዋል፤ ስላይጎ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ደግሞ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ።

እዚያ ሲደርስ ምን ይሠራል? ማዳበሪያ ሥራው ማፋፋት ነውና፣ ሣሩን የሚያፋፋው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ውሃው ውስጥ አልጌን ያፋፋል። አልጌው የፀሐይ ብርሃን ይጋርድና ከሥር ያለውን የውሃ ውስጥ ተክል ያጫጨዋል። ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በሙቀቱ ወራት የባሕረ ሰላጤው ጥልቅ ክፍል ዓሣም ሸርጣንም የማይተነፍስበት «የሞተ ቀጠና» ይሆናል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው!

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2005 ጸደይ ላይ ዋሽንግተንና አካባቢዋ በማስታወቂያ ተጥለቀለቁ። መልእክቱ «ሸርጣኗን አድኑ፤ ከዚያ ብሏት» የሚል ነበር። በጸደይ ማዳበሪያ አትበትኑ፣ እስከ መኸር ታገሱ፣ የምትወዱት ሸርጣን ከገበታችሁ እንዳይጠፋ ማለታቸው ነው። በቴሌቪዥን ታየ፣ በጋዜጣ ወጣ፣ በየምግብ ቤቱ ከመጠጥ ብርጭቆ ሥር በሚነጠፈው ካርቶን ላይ ሳይቀር ታተመ። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ፤ ሰው ለወንዝ ባያዝን ለሆዱ ያዝናል ብለው ነው። ግን እንደ እኔ ያለውን ሐበሻ ማን አስታወሰው? እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በነበረ ጊዜ ሸርጣን በሳህን ቀርቦ ብታይ፣ ሦስቴ አማትባ ከገበታው ተነሳች። በእኛ ቤት ለሸርጣን ብሎ ማዳበሪያ የሚተው ማን አለ?

ልብ በሉ፣ ዘመቻው ውሸት ነው አላልኩም። እኔም ብሆን ከዚያ ወዲህ በጸደይ በትኜ አላውቅም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ልመና በሕግ ቦታ የሚቆመው እስከ መቼ ነው?

እስቲ ውጤት ያመጣውን እንይ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ፎስፌት ያለበትን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ስትከለክል ማንንም አልለመነችም፤ ከገበያ ወጣ፣ አለቀ። በ2011 ወጥቶ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሣር ማዳበሪያ ሕግም እንደዚሁ ፎስፈረስን ከተራው ከረጢት ውስጥ አስወጣ። አፈሩ ተመርምሮ እጥረት ካልተገኘበት ወይም አዲስ ሣር ካልተዘራ በስተቀር ፎስፈረስ መበተን ቀረ። ጎረቤቴ ማስታወቂያ ሰማ አልሰማ፣ ሸርጣን ወደደ ጠላ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከሌለ የለም! ሚቺጋን ውስጥ የአን አርበር ከተማ በ2006 ተመሳሳይ ደንብ ካወጣች በኋላ፣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁሮን ወንዝ ውስጥ ፎስፈረሱ መቀነሱን ለክተው አሳይተዋል።

ወደ ናይትሮጂኑ ስንመጣ ግን ነገሩ ይላላል። ያው የሜሪላንድ ሕግ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ድረስ አትበትን ይለኛል፤ ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ ተው፣ አስፋልት ላይ የወደቀውን ጥረግ ይለኛል። ወረቀቱ ላይ አምሯል። ግን ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ደጃፌ ቆሞ «ስንት በተንክ? መቼ በተንክ?» ብሎኝ አያውቅም። ተቆጣጣሪ የሌለው ሕግ ያው ልመና ነው፤ ልዩነቱ ማኅተም ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ አንድ ዓመት ማዳበሪያውን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ከፊሉን ሣር ነቅዬ የአገሩን የዱር አበባ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ በሶብላ ተከልኩ። የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር «የአካባቢውን ገጽታ አበላሽተሃል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስተካከልክ ትቀጣለህ» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ወገኖቼ፣ አንዱ አትበትን እያለ ይለምነኛል፤ ሌላው ካላረንጓዴህ እያለ ያስፈራራኛል። ልመናና ቅጣት ቢታገሉ ማን ይጥላል? በሶብላዬን ነቀልኩ! ነገሩ የተቃናው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሜሪላንድ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለወንዝና ለንብ የሚስማማ አትክልት የሚተክለውን ሰው ያለ አግባብ እንዳይከለክሉ ሕግ ስታወጣ ነው። እሱም ቢሆን በማስታወቂያ አልመጣም፤ ባልና ሚስት ከማኅበራቸው ጋር ፍርድ ቤት ተካስሰው ነው የመጣው።

ትልቁን ጉዳይ ደግሞ አልተናገርኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ወደ ቼሳፒክ ከሚገባው ናይትሮጂንም ሆነ ፎስፈረስ ትልቁ ድርሻ የእርሻው ነው። ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ባለው በዴልማርቫ ምድር ዶሮ በገፍ ይረባል። የተለመደውን ውል ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ጫጩቷም መኖዋም የኩባንያው፣ ኩሷ ግን የአርቢው ገበሬ ዕዳ! ትርፉን አንዱ ይወስዳል፣ ቆሻሻውን ሌላው ይታቀፋል፣ የተረፈውን ወንዙ ይሸከማል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ለስድስት ስቴቶችና ለዋሽንግተን የብክለት ጣሪያ አስቀምጦ፣ እስከ 2025 የሚሠራው ሥራ ሁሉ ይጠናቀቅ ተብሎ ነበር። ቀጠሮው አለፈ፤ ግቡ አልተመታም። ለመሆኑ ለዶሮ ኩባንያው «እባክህ እስከ መኸር ታገስ» የሚል የብርጭቆ ካርቶን ታትሞለት ያውቃል?

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የምትሉኝ አትጠፉም። ይረባል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ? ተነቀለ፣ ተመልሶ በቀለ። ከማሳና ከከተማ እየታጠበ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ እየቀለበው እንዴት አይበቅል? እዚያ ገበሬው ይዘምታል፣ እዚህ ባለ ግቢው ይለመናል፤ ምንጩን የሚነካ ግን የለም።

እኔ ድርሻዬን አልክድም፤ ያቺ የሚያዝያ ከረጢት የእኔ ናት። ነገር ግን እንደ ፎስፈረሱ ሁሉ ናይትሮጂኑንም ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ያዙት፤ መበተን በተከለከለበት ወራት መሸጡም ይከልከል። ኩሷን ለዶሮዋ ባለቤት አስረክቡ። ይህን ሁሉ ከፈጸማችሁ በኋላ የሚቀር ነገር ካለ ኑና ለምኑኝ፤ ያኔ እሺ እላለሁ። እስከዚያው ግን በሸርጣን እየቀለዱ ሥራን ለእኔና ለጎረቤቴ አሸክሞ መቀመጥ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ከ1967 ጀምሮ የማውቀው ዘመቻ ነው።