ትራክተሩ አልነሳ ሲል

በእርሻ ሰሞን ትራክተር ጠዋት አልነሳ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ይከበዋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ባትሪ ያደክማል። እኔ ከሁሉ በፊት ልጆቹን ከአጠገቡ አርቃለሁ። “ቀጭ” ብሎ ዝም ካለ የባትሪውን ጫፎች ጠርጎ ማጥበቅ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ናፍጣ ጨርሶ አየር ስቦ ሊሆን ይችላል፤ ናፍጣ ሞልቶ አየሩን በፊልትሮው በኩል ማስወጣት ነው።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ ጎረምሶቹ መሬት ላይ ቆመው ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እንዳያስነሱ ግን ከልክሏቸው። ብዙ ትራክተሮች ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንዳይነሱ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ካቻቢቴው ይህን ጥበቃ ያልፈዋል። ማርሽ ገብቶ ከነበረ ትራክተሩ ወዲያው ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ አጠገቡ በቆመው ልጅ ላይ ይወጣል።

ዘሩ ነገም ይዘራል።