ቀኑ የተጻፈለት አበባ

በደቡብ እንግሊዝ፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባሉት ነጫጭ የጠመኔ ገደሎች አናት ላይ በጸደይ የሚጓዝ ሰው ወፍና አበባ ማየቱን ከመዝናኛ ይቆጥረው ይሆናል። እኛ ግን ልኬት ነው እንላለን፤ የፊዚክስ መምህራን በዚህ ምን አገባቸው የሚለን ቢኖርም።

በደቡቡ የባሕር ዳርቻ የጠመኔ ኮረብቶች ላይ የሚበቅል አንድ የኦርኪድ ዓይነት አለ። አበባው የአንዲት የዱር ንብ እንስት ጠረን አስመስሎ በማውጣት ወንዱን ያታልላል፤ ወንዱም እንስት ያገኘ መስሎት ሲያርፍበት ብናኙን ተሸክሞ ይሄዳል። ማታለሉ የሚሠምረው እውነተኞቹ እንስቶች ከመሬት ሳይወጡ አበባው ከፈካ ነው። ከ1848 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰቡ የደረቁ አበቦችንና በቤተ መዘክር የተቀመጡ ንቦችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ የጸደዩ ሙቀት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር አበባው 6 ቀን ያህል ሲቀድም እንስቷ ንብ ከ15 ቀን በላይ ትቀድማለች። አበባውን የቀጠፈው ሰው ቀኑንና ቦታውን ባይጽፍ ኖሮ ይህ ባልታወቀ ነበር።

በመጋቢት በዚያው ዳርቻ የምታርፈው ዊትኢር የተባለች ትንሽ ወፍ ከሰሐራ ወዲህ ማዶ የምትመጣ ናት፤ ከዓይነቷም ብዙዎቹ የአውሮፓን ብርድ በኢትዮጵያ ያሳልፋሉ። እዚያ የደረሰችበትን ቀን የሚመዘግቡ አሉ። ከዚህ የተነሣችበትን ቀን በደብተሩ የሚያሰፍር ተማሪ ግን ከየክፍላችን ስንት ይገኛል?