«ደህና ነኝ» ብሎ ክኒን ማቆም

የጡት ካንሰር የገባበት ቤት ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ ጮክ ተብሎ ይጠየቃል፦ «ቀዶ ሕክምናው እንዴት ሆነ?» ሌላው በሹክሹክታ ነው፦ «ለልጆቿም ይተላለፍ ይሆን?» ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፦ «ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ?»

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ይህን ለመረዳት አንኮበርን ማሰብ ይበቃናል። ስሙ ራሱ በር አለበት። በድሮ ዘመን ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ ደጋው የሚወጣ ነጋዴ በዚያ ያልፍ ነበር። ብዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳትም በር አላቸው፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ ይባላል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በዚህ በር በኩል ዕጢው እንዲያድግ ያደርጋል። ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን ደግሞ በሩን ይዘጋበታል።

እንዲህ ያለው ዕጢ በአገራችን ብርቅ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 2014 የታተመ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶችን የተመለከተ ጥናት ከ100 ዕጢዎች 65 ያህሉ ተቀባዩ እንዳላቸው አሳይቷል።

ታሞክሲፌን አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። ሳይቋረጥ ከተወሰደ በበሽታው የመሞት ዕድልን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ችግሩ 5 ዓመት ረጅም መሆኑ ነው። ቁስሉ ከዳነና ጉልበት ከተመለሰ በኋላ ክኒኑ ትርፍ ነገር ይመስላል። ሰውነትን ድንገት የሚያግል ሙቀትም ያስቸግራል። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ አንኮበር ሌላ 40 ገደማ አለ። እናት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ቤተሰብም ደስ ብሎት ዝም ይላል።

ወደ ሹክሹክታው እንመለስ። ተቀባዩን የሚሠራው ጂን ኢኤስአር1 ይባላል። በሽታው በተሰራጨባቸውና ኢስትሮጅንን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ አንዳንድ ሴቶች ይህ ጂን ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በሩ ያለ ሆርሞንም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ኤላሴስትራንት የተባለ ክኒን በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለውጡ ግን እዚያው ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ከእናት አልተወረሰም፣ ለሴት ልጅም አይተላለፍም። በዘር የሚተላለፉት እንደ ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 ባሉ ሌሎች ጂኖች ላይ የሚገኙ ለውጦች ናቸው። በዘር የሚመጣውም ከ100 የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው።

እንግዲህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የናሙናውን ውጤት ወረቀት ይያዝ፤ የተቀባዩ ምርመራ መሠራቱንም ሐኪሙን ይጠይቅ። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ካለ ክኒኑ ሳያልቅ መግዛቱን የእሱ ሥራ አድርጉት። ሙቀቱ ከበዛባት ክኒኑን ከማቆሟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር። እናንተም ስትደውሉላት ከ«እንዴት ነሽ፣ እማዬ?» ቀጥሎ «ክኒንሽን ዋጥሽ?» በሏት።